የወንዴ ሠላሳ ስድስት ዘፈኖች

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ፣ አንድ አማርኛ። የአማርኛ መምህራችን ስም ስትጠራ እኔ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። "ሙሉሰው… እግዜር ያጽናህ።" ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወደ ትምህርታችን ገባን።

ሲለቀን በመናኸሪያው በኩል ዞርኩ። ለምን? እንጃ። የወንዴ ሚኒባስ ኮላ ድባ ተራ ላይ ሦስተኛ ቆማለች። መሪው ላይ ምናለ የሚባል ሰው ተቀምጧል፤ ሐጂ ዐብደላ አዲስ የቀጠሩት ሹፌር። መኪናዋ የሐጂ ናት። ወንድሜ ግን ስድስት ዓመት ስለነዳት ሰው ሁሉ "የወንዴ መኪና" ነው የሚላት። እስካሁንም።

ዝም ብላለች። ሌላው መኪና ሁሉ ቴፑን ከፍቶ እየጮኸ እሷ ብቻ ዝም። ረዳቱ ሱሀይብ "ኮላ ድባ! ኮላ ድባ ሁለት ሰው!" ሲል ድምፁ ከወትሮው ገኖ ተሰማኝ።

"ቴፑ ተበላሸ እንዴ?" አልኩት።

"ሐጂ ናቸው። እስከ አርባው ድረስ በዚች መኪና ዘፈን እንዳይከፈት ብለዋል።"

ምናለ በመስኮት ብቅ አለ። "ሙሌ፣ እንዴት ናችሁ? እናትህስ?"

"ደህና ናት። ከአርባው በኋላስ?"

"ምን ከአርባው በኋላ?"

"ቴፑ።"

"የራሴን እከፍታለኋ። ምን ላድርግ?"

እውነቱን ነው። ምን ያድርግ? ግን ቤት እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት። ያ ቴፕ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው የወንዴ ነው። የራሱ ዘፈኖች፣ እሱ እንደሰበሰባቸው። አርባው ኅዳር 7 ነው። ቀን አለ።

ዘፈኖቹ ያሉበት ፍላሽ ግን የት ነው ያለው?


ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ፍላሹን ሥራ ሲጨርስ ከቴፑ ነቅሎ ጥቁር ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ነበር የሚያኖረው። እማዬን በዘዴ ጠየቅኋት።

"ጃኬቱ? ልብሱን ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ እኮ፣ ለነፍሱ። ምነው?"

"ምንም።"

ስታዘጋጀው አይቻለሁ። አንድ በአንድ አጥፋ፣ አንዱንም ኪስ ሳትነካ። እጇን ብትከት አንድ ነገር ታገኝ ነበር። ማስቲካ፣ ሳንቲም፣ የወባ ኪኒን… አልቻለችም።

ኪኒኑን አልዋጠውም ነበር። "ወባ ናት፣ እኛ ኮላ ድባ የምንመላለስ ሰዎች እንተዋወቃለን" ብሎ ሦስት ቀን ትኩሳቱን ይዞ ነዳ። በአራተኛው ቀን ከመኪናው ተሸክመው አወረዱት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጃኬቱን አገኘሁት። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አያ ቢያዝን ለብሰውታል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆመው ነበርና ወንዴን መሰሉኝ… አንድ እግሬ ወደፊት ሄደ፣ አንዱ እንቢ አለ።

"አያ ቢያዝን፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ነገር አላገኙም? ጫፉ ብረት የሆነ?"

የቁልፍ ገመዳቸውን ከወገባቸው ፈቱ። ከቁልፎቹ መሃል የወንዴ ፍላሽ ተንጠልጥሏል።

"ይቺን ነው? እኔኮ ቁልፍ መስላኝ! ስንት ጓጉንቸር ላይ ሞከርኋት መሰለህ። የግምጃ ቤቱን፣ የዕቃ ቤቱን፣ የበሩን። አንዱም አልከፈት አለኝ።"

ብረቱ ተጣሟል። ተቧጭሯል።

"ምንድን ናት?"

"ዘፈን ነው ያለባት።"

"ዘፈን? እዚች ውስጥ?" ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡ። ከዚያ ደነገጡ። "እንግዲህ እኔ በቅጥሩ ውስጥ ዘፈን ታጥቄ ነዋ የከረምኩት! ወይ ጉድ! ውሰድ፣ ውሰድልኝ!"

ልሄድ ስል ጠሩኝ። "ልጄ፣ ጃኬቱንም ልመልስልህ?"

"አይ። ብርድ ነው፣ ይልበሱት።"

እስከ በሩ ድረስ አልዞርኩም።


ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የሐጂ ልጅ ፈህሚያ አራዳ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ብረቱን በፒንሳ ቀስ አድርጋ አቀናችው። ሰካችው። ምንም። ነቀለች፣ አገላብጣ ሰካች። ምንም። በአውራ ጣቷ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ስትይዘው ኮምፒውተሩ ጢን አለ።

ሠላሳ ስድስት ዘፈን። ስማቸው ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ለቅሞ ያተረፋቸው። ከሰው ስልክ፣ ከድሮ ካሴት ያስገለበጠው፣ ተሳፋሪ የሰጠው። አንድ ሲያስገባ አንድ ያወጣል፤ ሠላሳ ስድስት ከሆነ አይበልጥም። ለደርሶ መልስ የሚበቃ ነው ይል ነበር።

"ገልብጪው! ሁሉንም ባንዴ!"

ገለበጠችው። በአዲስ ፍላሽ ላይ፣ በእኔ ስልክም ላይ።

"ቆይ፣ አንድ ነገር ልይ" አለች።

"ምን ትያለሽ? ገብቷል አይደል?" ፍላሹን ነቀልኩት። ጨርሶ እንዳይበላሽ ፈርቼ። ከዚያ በኋላ ብንሰካው፣ ብንገፋው አልበራም።

ምን ቸገረኝ። ዘፈኖቹ አሉ።


ጥቅምት 16፣ እሑድ

መኪናዋ እሑድ ከሰዓት በሐጂ ግቢ ነው የምትቆመው፣ ከሱቃቸው ጀርባ። ምናለን ለመንኩት። "ለሙከራ ብቻ። መስኮት ዘግተን፣ ድምፁን ሁለት ላይ አድርገን።" ግራ ቀኝ አየ። "ሐጂ ቢሰሙ አንተ ነህ የምትናገር" ብሎ ከፈተልኝ።

ቴፑ ፍላሹን አነበበው። ደስ አለኝ! ከዚያ የሰርግ ጭፈራ ጀመረ። ከበሮ፣ እልልታ።

"ወንዴ ጠዋት ጠዋት በዚህ ነው የሚነሣው?" አለ ምናለ።

አይደለም። ከመናኸሪያ ሲወጣ በገና ነው። እሱን አውቃለሁ። ቀጥሎ የመጣው ዋሽንት፣ ከዚያ ሱዳንኛ፣ ከዚያ… ምንም ቦታው አይደለም። የወንዴ እንዲህ አልነበረም። የወንዴ መንገዱን ይከተላል። ድልድዩ የራሱ አለው፣ ዳገቱ የራሱ አለው። ቀድሞ ካለቀ መልሶ ያጫውተዋል፣ ከዘገየም ያሳልፈዋል።

"እሺ የቱ ነው ከበገናው ቀጥሎ?" አለ ምናለ። ጥያቄው ቀላል ነው።

አላውቅም።

ስንት ጊዜ ከጎኑ ተቀምጫለሁ? መቶ ጊዜ? በገናው ሲጀምር እኔ የራሴን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። የራሴን ዘፈን እየሰማሁ በመስኮት አያለሁ። አንድ ቀን "አንተ፣ ይቺን ስማት፣ አሁን ድልድዩ ጋ ነን" ብሎ ትከሻዬን ነካኝ። "እሺ" አልኩት። አልነቀልኩትም።


ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ፈህሚያ አስረዳችኝ። "የመኪና ቴፕ እንደ ኮምፒውተር በስም አይደረድርም። ያ ቴፕ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ቀድሞ የገባለትን ቀድሞ ይጫወታል፣ በቃ። ወንድምህ ተራ ጠብቆ አንድ በአንድ ነው የከተተው። እኔ ባንዴ ስገለብጥ ኮምፒውተሩ በራሱ ተራ አስገባው።"

"አሮጌው ላይ ተራው ይታይ ነበር?"

"የገቡበት ሰዓት ይታይ ነበር።" ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። "እሱን ልይ ስልህ ነው የነቀልከው።"

የተቻኮልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም።


ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ሱሀይብን ጠየቅኩት። ሦስት ዓመት አብሮት ሠርቷል።

"እኔ የማውቀው 'ኮላ ድባ' ነው" አለኝ። "አንገቴ በመስኮት ውጭ፣ ጆሮዬም ውጭ። ዘፈኑን የሚያውቁት የተቀመጡት ናቸው።"

የተቀመጡት! ተሳፋሪዎቹ። ያው የገበያ ሰዎች፣ ያው አስተማሪዎች፣ በየሳምንቱ የሚመላለሱት።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ደብተር እይዛለሁ።


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ተነሣን። ቴፑ ዝግ ነው፣ የሐጂ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹን በስልኬ ይዤ፣ አንዱን ማዳመጫ ለተሳፋሪ፣ አንዱን ለራሴ። መጀመሪያ አፈርኩ። ሐዘንተኛ ልጅ ጥቁር ለብሶ ለሰው ዘፈን ሲያድል… ምን ይሉኛል? ግን ካልጠየቅኩ አላውቅም።

ከጎኔ እትዬ አባይነሽ ነበረች፣ የኮላ ድባ ሽምብራ ነጋዴ። ጆሮዋ ላይ ስሰካላት "አይነክስም?" አለች። ከዚያ ጮኸች። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁን አያውቀውም።

"ኸረ ይሄማ የወፍጮ ቤቱ ነው! እዚያ ጋ ነው አህያ መንገድ ላይ ተኝታ ያቆመችን! ወንዴ ነፍሱን ይማረውና 'ዘፈኑን እስክትጨርስ ነው' ብሎ ጠበቃት!"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ እኔን አይተው ዝም አሉ። እኔ ግን እየጻፍኩ ነበር። የወፍጮ ቤቱ፣ ሱዳንኛው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ሰውአገኝ፣ "የለም" አሉ። "የወፍጮ ቤቱ ዋሽንት ነው።"

"አያ ሰውአገኝ፣ አንቱ ከአዘዞ ጀምሮ ተኝተው አይደል የሚሄዱት?" አለቻቸው እትዬ አባይነሽ።

"ተኝቼ ነው የሰማሁት! የተኛ ሰው ነው ሸጋ አድርጎ የሚሰማ። እናንተማ ስታወሩ።"

ማዳመጫው ወደ ኋላ ሄደ። ዋሽንቱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በእርግጥም የተኙ መሰለኝ። "ይቺ ከወፍጮ ቤቱ አንድ ወዲህ ናት። የባሕር ዛፉ ጥግ። ተረትቻለሁ።"

ከዚያ በኋላ እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማዳመጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ክርክር፣ ስድብ፣ ሳቅ። ምናለ እየነዳ ይጣራል፣ "ድልድዩ ደረሰ! የድልድዩን ማን ያውቃል? አሳልፌው እንዳልሄድ!" አንዱ ያንጎራጉራል፣ ሌላው "ቁልቁለቱ ላይ ነው እንጂ" ይለዋል። ቴፕ ዝግ፣ መኪናው ግን ሙሉ በሙሉ ዘፈን።

ስንመለስ አንዲት አስተማሪ ተሳፈረች። ሰርካለም ትባላለች። አንዱን የማሲንቆ ዘፈን ሰጠኋት። ትንሽ ሰማችና ማዳመጫውን አወጣች። "ከኮላ ድባ ስንወጣ፣ የመጀመሪያው። ይሄን እኔ ነኝ የሰጠሁት።" ከዚያ እስከ አዘዞ በመስኮት ስታይ ነበር። ወንዴ ስለ እሷ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ሃያ አንድ ዘፈን ቦታው ታወቀ። አሥራ አምስት ይቀራል።


ጥቅምት 23፣ እሑድ

ሐጂ ዐብደላን ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። ተደብቄ አልቀጥልም ብዬ። ጨርቅ እያጠፉ ሰሙኝ።

"መንዙማው አለ?" አሉ።

"አለ።"

"ሁለተኛ ነው። ከበገናው ቀጥሎ። በአራዳ ሲያልፍ እኔ ሱቅ እየከፈትኩ ነው የምሆነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያሰማኝና ያልፋል። በየቀኑ።" ጨርቁን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። "አንድም ቀን ቆሞ ሰላም አላለኝም። ሰላምታው እሷ ነበረች።"

ከአርባው በኋላ እንድንከፍተው ፈቀዱ። "በፊት ግን አይሆንም። ለእናትህ ክብር ነው።"

ሁለተኛ፣ መንዙማ። ሃያ ሁለት።


ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ሒሳብ ከሃያው አራት ብቻ አገኘሁ። መምህሩ ኅዳር 8 ማካካሻ ፈተና እሰጥሃለሁ አለኝ። እሺ አልኩ። ለእሱም አጠናለሁ፣ ለዚህም እሮጣለሁ።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ጉዞ። ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነበር። እትዬ አባይነሽ ሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ይዛ መጣች፣ "ምስክር አምጥቻለሁ" ብላ። አያ ሰውአገኝ "ዛሬ ሆን ብዬ ልተኛ ነው፣ ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ" አሉ። ተኝተውም ሦስት ቦታ አረሙን።

ሠላሳ አምስት ሞላ።

አንድ ዘፈን ተረፈ። አንዲት ሴት ያለ ምንም መሣሪያ ታንጎራጉራለች፣ ሥራ እየሠራች ያለች ይመስላል። ለሁሉም አሰማሁ። "ይቺን በዚህ መኪና ሰምቻት አላውቅም" ይላሉ። አያ ሰውአገኝ እንኳን። የት ነው ታዲያ የምትመጣው? ጎዶሎ አልተውም።


ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጥፋት አጠፋሁ።

ፈህሚያ ጋ ሠላሳ አምስቱን አንድ በአንድ ከተትን። ለአርባው ሰባት ቀን ይቀራል። መቆየት ነበረብኝ። ሐጂ "በፊት አይሆንም" ብለውኛል። ግን ተራው ልክ መሆኑን ማየት አለብኝ ብዬ ከምናለ ቁልፍ ተውሼ ወደ ሐጂ ግቢ ገባሁ። መስኮት ዘጋሁ፣ ድምፁን ሁለት አደረግኩ። በገና መጣ። መንዙማ። ሦስተኛው… ልክ ነው! ሁሉም ልክ ነው! ድምፁን መቼ እንደጨመርኩት አላወቅኩም።

ጎረቤታችን እትዬ ታየች ሐጂ ሱቅ ጨርቅ ልትገዛ መጥታ ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች።

"እውነት ነው?"

"እማዬ፣ እኔ…"

"ዘፈን ከፍተሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

"የወንዴ ነው። የራሱ ነው።"

"የወንድምህ አፈር ሳይደርቅ! ታየች በሰው ፊት 'ልጅሽ ግቢ ውስጥ ዘፈን ከፍቶ መሪ ይደበድባል' አለችኝ! እኔ አንገቴን የት ላድርገው?" እጇን ዘረጋች። "አምጣው።"

ሰጠኋት። መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።


ኅዳር 1፣ ሰኞ

አታናግረኝም። ምሳ አቅርባ ትወጣለች።

ዘፈኖቹ ፈህሚያ ኮምፒውተር ላይ አሉ። ደብተሩም አለኝ። ዛሬ ብሄድ በግማሽ ሰዓት ሌላ ፍላሽ ይኖረኛል፣ እሷም አታውቅም። አሰብኩት። እስከ አራዳ ድረስ ሄጄ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት ቆምኩ።

ተመለስኩ። ከእሷ ተደብቄ የምከፍተው ከሆነ የማን ሆነ?

ግን አልተውኩትም። እነግራታለሁ። እስክትሰማኝ።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ለአርባው ዝግጅት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ትልቅ ሳፋ ሙሉ። ቢላ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ ላጥን። ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ በሽንኩርት አሳበን።

"ያ ደብተር ምንድን ነው?" አለች በመጨረሻ። "ሁልጊዜ የምትይዘው።"

አነበብኩላት። አንድ፣ ከመናኸሪያ ሲወጣ፣ በገና። ሁለት፣ ሐጂ ሱቅ፣ መንዙማ። ሦስት፣ አራት… የባሕር ዛፉ ጥግ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አህያዋ የተኛችበት። ማን እንደነገረኝም ጨመርኩላት። አያ ሰውአገኝ ጋ ስደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ፈገግታዋን እንዳላይ። አሥራ ስምንት፣ ኮላ ድባ። ከዚያ መልሱ። አሥራ ዘጠኝ፣ አስተማሪዋ የሰጠችው። "ማናት?" አለች። "አላውቅም" አልኩ። ሠላሳ አምስት፣ አዘዞ ካለፈ በኋላ።

"አበቃ?"

"አንዲት ትቀራለች። ቦታዋን ያጣኋት።"

"ምን ዓይነት ናት?"

"ሴትዮ ናት። ከበሮ የለ፣ ማሲንቆ የለ። ብቻዋን ነው የምታንጎራጉረው።"

ቢላዋ ቆመ።

"እሷማ መጨረሻ ናት" አለች። "ሰው ሁሉ ከወረደለት በኋላ። የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ ሲያልፍ ትሰማኛለች። እሷን ስሰማ ነው ወጥ እሳት ላይ የምጥደው። አቁሞ፣ በር ቆልፎ እስኪገባ ወጡ ይሞቃል።"

እኔም እኮ እዚሁ ቤት ነበርኩ። ስድስት ዓመት፣ በየማታው። ጆሮዬ ላይ ምን ነበር?

"የአገሩን ሰው ሁሉ ጠይቀህ" አለች፣ "ምነው እኔን ሳትጠይቅ?"

"ትቆጫለሽ ብዬ።"

"ተቆጥቻለሁ። ቁጣ ሌላ፣ ማወቅ ሌላ።"

ሽንኩርቱን ጨረስን። እጇን ታጥባ መቀነቷን ፈታች። ፍላሹን በመዳፏ ይዛ ቆየች።

"በአርባው ቀን አይደለም። በማግስቱ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ አንዲት ዘፈን አልሰማም።"

"እሺ።"

"እሷንም አትክተታት።"

"የቷን?"

"የመጨረሻዋን። መኪናው በዚህ ሲያልፍ ከሰማኋት ተነሥቼ ወጥ እጥዳለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። አትክተታት፣ ልጄ።"

አልከታትም አልኳት፤ ፍላሹን መለሰችልኝ። ለዚች ነው ስንት ቀን የዞርኩት። ቦታዋን ባወቅኩ ቀን ተውኳት።


ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሐጂ ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። "ታየች ከአንተ ቀድማለች" አሉ። ከዚያ፣ "የሚናገር ልጅ ደህና ነው።" በቃ ይኸው ነው ያሉኝ።

ፈህሚያ ሠላሳ አምስቱን በሁለት ሌላ ፍላሽ ላይ አንድ በአንድ ከተተችልኝ። "አንዱ ለመጠባበቂያ" አለች። አሁን አልቸኮልኩም። እያንዳንዱን ስታስገባ ደብተሬ ላይ ምልክት አደረግኩ።


ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቁስቋም ነው። ከተማው ሰው በሰው። እማዬ ከነጋ ጀምሮ ጎረቤቶቿን ይዛ ድስት ላይ ናት። እትዬ ታየችም አለች። ውኃ ሳመጣ "ሙሌ፣ እኔ እኮ ለክፉ አልነበረም" አለችኝ። "አውቃለሁ እትዬ" አልኳት። እውነት ለመናገር ገና አላወቅኩም።


ኅዳር 7፣ እሑድ

የወንዴ አርባ።

ድንኳኑ ሞላ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው በሉ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ከኮላ ድባ ሰዎች መጡ፣ በወንዴ መኪና። ምናለ ነው ያመጣቸው፣ አንድ ብር ሳይቀበል። እትዬ አባይነሽ አንድ ጆንያ ሽምብራ ይዛ። አያ ሰውአገኝ ከእማዬ ጋር ተያይዘው አለቀሱ፤ ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። አስተማሪዋ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ጥግ ተቀመጠች። እማዬ አየቻት። ሄዳ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

አያ ቢያዝን በጃኬቱ መጡ። ዛሬ አልደነገጥኩም።


ኅዳር 8፣ ሰኞ

በመጀመሪያው ጉዞ ተሳፈርኩ። ትምህርት ቤቴ አዘዞ መንገድ ላይ ስለሆነ ምናለ እዚያ ያወርደኛል።

ፍላሹን እሱ ነው የሰካው። "ደብተርህ ላይ ሠላሳ ስድስት ነው ያየሁት። ቴፑ ግን ሠላሳ አምስት ነው የሚለው" አለኝ።

"የመጨረሻዋ ወደ ቤት የሚኬድባት ናት። የአንተ ቤት በሌላ በኩል ነው።"

"እና ባዶ ይሁን?"

"አንተ ምረጥ። ማታ ብቻህን ስትነዳ የምትወደውን። ፈህሚያ ከሠላሳ አምስተኛው ቀጥሎ ትከትልሃለች።"

መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "አንዲት አለችኝ" አለ። "የሰፈሬ ሰው ይስቅብኛል እንጂ።"

"ይሳቅ።"

ተራው ደረሰ። ሱሀይብ በሩን ዘጋ። በገናው ጀመረ። በአራዳ ስናልፍ ምናለ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። መንዙማው ልክ ጀምሮ ነበር። ሐጂ ዐብደላ የሱቁን በር ወደ ላይ እየገፉ ነበር። አልዞሩም። ግማሽ ላይ እጃቸው ቆመ፣ አለፍን።

ከኋላ አንዲት ልጅ፣ አዲስ ተሳፋሪ፣ "ሹፌር፣ ሞቅ ያለ ነገር የለህም?" አለች።

"ቆዪ" አሏት አያ ሰውአገኝ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። "ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ታያለሽ።"

"የቱ ወፍጮ ቤት?"

"ዝም ብለሽ ተቀመጭ፣ ይነገርሻል!" አለች እትዬ አባይነሽ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ገና መጀመሩ ነው። እስከ ኮላ ድባ ሄጄ ሁሉንም ልስማ ብል ምናለ እሺ ይለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩትም እሱን ነበር።

"ወራጅ" አልኩ።

ወረድኩ። መኪናዋ ድምፁን ይዛ ሄደች። ድልድዩ ጋ የሚመጣውን እነሱ ይስሙት፤ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ የሒሳብ ማካካሻ አለብኝ።